የዘርዓብሩክ ጨዋነት ያስወደደው ኮምፖስት

ዘርዓብሩክ በሙያው የወጪ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው። አንድ ግንባታ ከታሰበለት በጀት በላይ ሲሄድ ለምን እንደሄደ አጣርቶ የማስረዳት፣ ከተቻለም የመመለስ ኃላፊነት በደመወዝ የተጣለበት ሰው ነው ማለት ነው። በማስረዳቱ የሚወዳደረው የለም። ሲሚንቶ ለምን እንደጨመረ፣ ብረት ለምን እንዳልቀነሰ፣ የመድን ክፍያ ለምን ወደ ላይ ብቻ እንደሚያድግ ቢጠየቅ፣ የጠያቂው ምግብ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በቅደም ተከተልና በጥሩ አማርኛ ይተነትናል። በመመለሱ በኩል ግን አንድ እንቅፋት ነበረበት፤ እንቅፋቱም መልካም አስተዳደጉ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ካለው አፓርታማው ይነሣና፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ከመዞር በእግር መድከም ይሻላል ብሎ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች እስከተደረደሩበት ፌርፋክስ ድረስ ይራመዳል። እዚያ ከታክሲ ነጂው ወዳጁ ከአብዱ ጋር ምሳ ይበላል።

«እህሳ ኢንጂነር!» ይላል አብዱ፣ ገና ወንበር ሳይስብ። «በዚህ ሳምንትስ ምን ተወደደ?»

«የእንጨት ስብርባሪ።»

«እንጨት ተሰብሮም ይወደዳል?»

«በተለይ ሲሰበር ነው እንጂ!»

ዘርዓብሩክ ለብዙ ዓመታት የት እንደሚሠራ ለተጠየቀ ሁሉ «ለአንድ ማዘጋጃ ቤት፣ በአፈር ጉዳይ» እያለ ሲመልስ ኖሯል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ እውነቱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጀምራል። መኪናው ጋራዥ በገባ ጊዜ አብዱ በታክሲው ሥራ ቦታው ድረስ አደረሰው፤ በሩ ላይ የተጻፈውን በጥሞና አነበበ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንድ ጊዜ አሸተተ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዘርዓብሩክ በፌርፋክስ ዙሪያ «የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር» ተብሎ ተሾመ። ሹመቱን አልወደደውም፤ ግን እንዲነሣለት መጠየቅ ነውር መሰለውና ተሸከመው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ ተራራውን ተሻግሮ በበረሃው ዳር ያለች አንዲት አነስተኛ ከተማ፣ ከፍሳሽ ማጣሪያዋ የሚቀረውን ዝቃጭ ለዓመታት በከባድ መኪና እያስጫነች ሩቅ አገር ታስደፋ ነበር። ነዳጁና የመኪናው ኪራይ ሲንር፣ ዝቃጩን እዚያው ከእንጨት ስብርባሪ ጋር ደባልቆ፣ ከሥሩ አየር እየነፉ ማብሰልና ኮምፖስት የሚባል የአፈር ማዳበሪያ ማድረግ እንደሚያዋጣ ተረዳች። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ምድር የሰጠችውን መልሳ ትቀበላለች፤ ገበሬም ደስ ብሎት ይገዛዋል።

ትክክል ያልነበረው ከሐሳቡ በኋላ የመጣው ነው። በየስብሰባው «ዋጋ ጨመረ» ይባል ነበር፤ ዋጋ ግን በገዛ እግሩ አይሄድም፣ የሚያስኬደው ሰው አለ። ብረቱን ገበያው አስወደደው፤ ይህን ማንም አይክድም። የጎብኚዎች አዳራሹን ግን ገበያው አልነደፈውም። ዝቃጭ ሲበስል ለማየት ዕረፍቱን ሠውቶ የሚመጣ ጎብኚ በየትኛው ጥናት እንደተገኘ ሳይገለጽ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ አዳራሽ በዕቅዱ ገባ። መስታወቱ ፊቱን ወደ በረሃው ፀሐይ አዙሮ ስለተገኘ እንደገና ተነደፈ። ከዚያ ደግሞ የፕሮጀክቱ ዳይሬክተር ስም የሚቀረጽበት ግድግዳ ጠበበ ተባለና ለሦስተኛ ጊዜ ተነደፈ። ለእያንዳንዱ ንድፍ ተከፍሏል። ዘርዓብሩክ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ለዳይሬክተሩም አሳውቋል። ያሳወቀው ግን እንዲህ ሲል ነበር፤ «አዳራሹ በጣም ያምራል፤ ምናልባት ትንሽ ሰፋ ሳይል አልቀረም፤ ብቻ እርስዎ እንዳዩት።» ዳይሬክተሩ የሰሙት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአንድ ከተማ ግብር ከፋዮች ጣጣ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ነፋሱ ከዚያ ግቢ ተነሥቶ በሚሄድበት አቅጣጫ ሞባይል ሆም የሚባሉ የተገጣጣሚ ቤቶች ሰፈር አለ፤ በዚያ ሰፈር እትዬ ሙሉዬ ይኖራሉ።

እትዬ ሙሉዬ የሥራ ዘመናቸውን ፌርፋክስ ላይ ባለ ምግብ ቤት ጓዳ ያሳለፉ ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የሎስ አንጀለስ ኪራይ አባረራቸው፤ ጥሪታቸውን አሟጠው እዚያ በረሃ ዳር ትንሽ ቤት ገዙ። ደጃፏ ላይ ጤናዳምና በሶብላ ተከሉ፤ ጥላ ሥር አግዳሚ አስቀመጡ፤ ከሰዓት በኋላ በነፋሱ ፊት መቀመጥ የሕይወታቸው የመጨረሻ ምቾት ሆነ። ዘርዓብሩክ በዲቪ እንደመጣ ሆሊውድ ውስጥ በደመወዝ የሰው መኪና እያቆመ ለሙያ ፈቃዱ ሲያጠና፣ በምግብ ቤቱ የጓሮ በር ያበሉት እኚሁ ሴት ነበሩ። «በልቼ ነው የመጣሁት» ሲላቸው አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

ግንባታው እንደተጀመረ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው ጠየቁት።

«ዘርዓ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያ ነገራችሁ ይሸተኛል?»

«አይሸትዎትም፣ እትዬ። የአየር ማጣሪያ መደብ ይሠራለታል። ከክምሩ የሚወጣው አየር በሙሉ በእንጨት ስብርባሪ መደብ ውስጥ ያልፋል።»

«መደብ? ማን ሊተኛበት?»

«ሽታው ነው የሚተኛበት።»

«እሱ ይተኛ እንጂ እኔማ ግድ የለኝም። ተነሥቶ እኔ ዘንድ እንዳይመጣ ብቻ።»

«አይመጣም። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ቃል መስጠት ለዘርዓብሩክ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ለወትሮው «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ይህ ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ እንደ ጠጠር በጫማው ውስጥ ይሰማው ጀመር።

በዚያው ሰሞን ራንዲ የሚባል ሰው ቢሮው መጣ። የዛፍ ቆራጮች ድርጅት ባለቤት ነው፤ ባርኔጣው ላይ የእንጨት ብናኝ ሞልቷል፤ ነገር ማስረዘም አይወድም።

«እንጨት ስብርባሪ ልትገዙ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ። «የኔ ሰዎች በየቀኑ ዛፍ እየቆረጡ ይፈጫሉ፤ ለመጣያ ቦታ እየከፈልኩ ነው የምደፋው። እናንተ ግቢ ብደፋው ለእኔ ይቀልለኛል፣ ለእናንተ ደግሞ ነጻ ነው። የአቅርቦት ጥያቄ በደንቡ ላስገባላችሁ?»

የእንጨት ስብርባሪ ግዢ በበጀቱ ውስጥ ከሁሉ ፈጥኖ ያደገው ወጪ ነበር። ዘርዓብሩክ ልቡ በደስታ ዘለለ። ልቡ በዘለለ ጊዜ ደግሞ አፉ፣ ከሕፃንነቱ እንደተማረው፣ «ኧረ በፍጹም!» አለ። «እንዲህማ አይሆንም። ይበዛብናል፤ አንተንም ማስቸገር ነው።»

በደንብ ያደገ ሰው ሲጋበዝ እጁን አይዘረጋም። የመጀመሪያው እምቢታ የተጋባዡን ክብር ያስጠብቃል፤ ሁለተኛው የጋባዡን ልብ ይፈትናል፤ ከዚያ በኋላ «በሞቴ!» ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሰው እየተግደረደረ ይቀርባል፣ ጠግቦም ይነሣል። ሥርዓቱ የጠራ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እስካወቁት ድረስ ማንም አይራብበትም። ራንዲ ግን አያውቀውም ነበር።

«ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ተነሣ።

ዘርዓብሩክ ደነገጠ፤ ሆኖም ተስፋ አልቆረጠም። ሰውዬው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ይለምነኛል ብሎ እስከ በሩ ሸኘው። አልዞረም። እስከ መኪናው ሸኘው።

«መንገዱ ያደክማል» አለው፣ ዕድል ሊሰጠው ብሎ።

«ለምጄዋለሁ።»

«ጭነቱም ለመኪናህ ከባድ ነው።»

«እሱስ ከባድ ነው» አለ ራንዲ ተስማምቶ።

ዘርዓብሩክ የከባዱን መኪና በር ይዞ ጥቂት ቆመ። ራንዲም እጁን ጨብጦ፣ አመስግኖ፣ ሄደ። በዚያ ቀን ለሠራተኞቹ እንደነገራቸው፣ በሥራ ዘመኑ ሁሉ በዚያን ያህል አክብሮት ተባርሮ አያውቅም።

ስብርባሪው በገበያ ዋጋ በጀቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ገበያውም ርኅራኄ አላሳየም። በጋው ሲገባ ፕሮጀክቱ መጠባበቂያውን ጨርሶ ከጣሪያው በላይ ወጣ፤ ዳይሬክተሩም ስብሰባ ጠሩ።

«አንድ ነገር መቀነስ አለብን» አሉ። «የአየር ማጣሪያውን ለጊዜው እናዘግየው።»

«ማዘግየት» በማዘጋጃ ቤቶች ቋንቋ ትሑት ቃል ነው፤ ቀብር ላይ እንደሚነጠፍ ምንጣፍ የሚሸፍነውን ነገር አያሳይም። የዘገየ ማጣሪያ ሲሠራ ያየ ሰው አይገኝም። ከበጀቱ ክፍሎች ሁሉ ይኸኛው ለምን ተመረጠ ቢባል ምክንያቱ አጭር ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ነፋሱ የሚሄድበት ሰፈር የሚኖር አንድም ሰው አልነበረም። አዳራሹ የሚከራከርለት ዳይሬክተር ነበረው፤ ሽታው ግን የሚወድቀው ሳይጠየቁ በሚቀሩ አፍንጫዎች ላይ ነው። ይህንን ውሳኔ ማንም በክፋት አልወሰነውም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያፍርበት ሰው ይገኝ ነበር። የተወሰነው በፈገግታና በኩኪስ ነው።

ዘርዓብሩክ «ማጣሪያው ጠቃሚ ይመስለኛል» አለ። «ምስጋና ይድረስህ» አሉት ዳይሬክተሩ። ለከተማዋ ምክር ቤት የሚቀርብበት ቀን ተቆረጠና ስብሰባው ተበተነ።

ቅዳሜ ለአብዱ ሲነግረው አብዱ መብላቱን አቆመ፤ ይህ በራሱ ታሪካዊ ነገር ነው።

«ቆይ፣ ቆይ! ሰውዬው በነጻ ላምጣ አለህ?»

«አዎ።»

«አንተ እምቢ አልክ?»

«መጀመሪያ ነዋ! ይለምነኛል ብዬ...»

«ራንዲ ማን ነው፣ አክስትህ? ይለምነኛል ትላለህ እንዴ! ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነጻ ነገር? እኔ እኮ ነጻ ፓርኪንግ ባገኝ የማልሄድበት ቦታ ሄጄ አቆማለሁ!»

«በቃ ተሳሳትኩ።»

«ደውልለታ። “ያኔ እምቢ ያልኩት እሺ ማለቴ ነው” በለው።»

«እንዴት አድርጌ? እምቢ ያልኩትን ነገር ዞሬ ልለምን? ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሃል? “ሄሎ” ይልሃል!»

አልደወለም። ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ፤ አነሣ፣ አየሩ ለጥሪ እንደማይመች ለራሱ አስረዳ፣ አስቀመጠ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሌላው ምን ይለኛል እያለ ሰውየው ለራሱ የሚፈርድበት፣ ይግባኝ የማይባልበት ችሎት ነው። በመጨረሻ መኪናውን አስነሥቶ ወደ በረሃው ሄደ፤ ቃሉ እንደማይጸና ለእትዬ ሙሉዬ ሊነግራቸው ነበር።

ስለ አየሩ አወራ። ስለ ጤናዳሙ አወራ። ስለ መድን ክፍያ ጥቂት ተነተነ። እትዬ ሙሉዬ አንድ ሳህን ሽሮ ፊቱ አስቀምጠው አዩት።

«ዘርዓ፣ አንተ መጥፎ ነገር ይዘህ ስትመጣ አማርኛህ ያምራል። በል አውጣው።»

አወጣው። ማጣሪያው ሊቀር መሆኑን፣ ራንዲን፣ እምቢታውን፣ የመኪናውን በር ይዞ መቆሙን ሁሉ። እትዬ ሙሉዬ ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ሲጨርሱ ግን ደጃፋቸውን፣ አግዳሚዋንና በሶብላውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ፊታቸውም ተለወጠ።

«እኔ ከዚህ ወዲያ የምሄድበት የለኝም» አሉ በለሆሳስ። «ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሰውዬውን ምሳ ጥራልኝ። ፌርፋክስ፣ ድሮ የሠራሁበት ምግብ ቤት። አንተ አትናገር። እኔ እናገራለሁ።»

ዘርዓብሩክ ያን ጊዜ ሌላ ጣጣ ትዝ አለው። የከተማዋ ሠራተኛ ከአቅራቢ ምሳ አይጋበዝም፤ አቅራቢንም አይጋብዝም፤ ሁሉም የበላውን ራሱ ይከፍላል። ይህን ሲነግራቸው ደረታቸውን ያዙ።

«እንግዳ ጠርቶ ሒሳብ ማስከፈል! ከዚህስ ሽታው ይሻለኛል!»

ሆኖም ተስማሙ። ራንዲም ተጠርቶ መጣ፤ ግንድ የሚጭን መኪናውን ፌርፋክስ ላይ የሚያቆምበት አጥቶ፣ ከብዙ መንገድ ርቆ አቁሞ፣ በላብ ተጠምቆ ገባ። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ጠረጴዛው ላይ የጾም በያይነቱ ቀረበ። አብዱ ለትርጉም ተቀምጧል፤ ለሌላም ለሌላም።

እትዬ ሙሉዬ ምስሩን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ ራንዲ አፍ አነሡ።

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ ራንዲ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እጃቸው አልተመለሰም።

«በእውነት፣ በቃኝ፤ ራሴ እበላለሁ።»

«በሞቴ!» አሉ እትዬ ሙሉዬ፤ ጉርሻውም ገባ። ወዲያው ሁለተኛው ተጠቀለለ፤ አንዱ ብቻውን ያጣላል ተብሎ። ራንዲ ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ወደ አብዱ ዞረ። መናገር ሲችል፦

«ሴትዮዋ ኖ ሲባሉ አይገባቸውም?»

«ይገባቸዋል» አለ አብዱ። «ግን እዚህ ቤት የመጀመሪያው ኖ ከሰላምታ ይቆጠራል። ሁለተኛውም እንደዚያው። በአንዴ እሺ የሚል ሰው ባለጌ ይባላል።»

ራንዲ ማኘኩን አቆመ። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ዘርዓብሩክ መለሰ። ዘርዓብሩክ የጎመኑን አሠራር በጥልቅ ይመረምር ነበር፤ ጆሮው ግን እንደ ቀይ ወጥ ቀልቷል።

«አንተ» አለ ራንዲ። «መኪናዬ ድረስ የሸኘኸኝ...»

«አዎ» አለ ዘርዓብሩክ ለጎመኑ።

«በሩን ይዘህ የቆምከው...»

«አዎ።»

ራንዲ ሳቁ ሲመጣበት በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ያዘ። እትዬ ሙሉዬ ግን አልሳቁም፤ አሁን ተራቸው ነበር። በአብዱ አፍ በኩል፣ ቤታቸው የት እንዳለ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ስብርባሪው ቢገኝ ምን እንደሚተርፍ ነገሩት። ልመና አልነበረም፤ ደጃፋቸውን ብቻ ነበር የገለጹለት፣ ተክል በተክል።

ራንዲ ነገር ማስረዘም አይወድም ነበርና እውነቱን ነገራቸው። ከሚፈጨው ግማሹን በመሐሉ ለፈረስ ጋጣዎች ቃል ገብቶበታል፤ ያንን አይነካም። የቀረውን ያመጣል። እንደ እሱ ለመጣያ የሚከፍሉ ሌሎች ዛፍ ቆራጮችም ያውቃል፤ የግቢው በር ቅዳሜም ከተከፈተ እነሱም ይመጣሉ። ዘርዓብሩክ አፉን ሊከፍት ሲል አብዱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው።

«እሺ» አለ ዘርዓብሩክ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዴ። ከዚያም ሙያው አስገደደውና አከለ፦ «ግን ጥያቄው በግልጽ፣ ለሁሉም አቅራቢ በተከፈተው ደንብ ይግባ።»

ሒሳቡ ሲመጣ ለየብቻ ተከፈለ። እትዬ ሙሉዬ ይህን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

ጥያቄው በደንቡ ገባ፣ ተመረመረ፣ ጸደቀ። በበጀቱ ላይ የተከፈተው ቀዳዳም ተደፈነ ለማለት ይቻል ነበር፤ ይህን ብሎ ምስጋናውን ለመውሰድ ግን የሚጣደፉ ሌሎች ነበሩ። ማክሰኞ ማምሻውን ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ዳይሬክተሩ ተነሥተው፣ «በአስተዳደራችን ጥረት» በስብርባሪው ላይ ወጪ መቆጠቡን አበሠሩ፤ በተቆጠበውም የአዳራሹን መስታወት ለማጠናቀቅ ፈቃድ ጠየቁ። ማጣሪያው፣ ቀደም ሲል እንደታሰበው፣ ይዘገያል።

የሕዝብ አስተያየት ሰዓት ሲደርስ እትዬ ሙሉዬ የአገር ልብሳቸውን ለብሰው ከአብዱ ጋር ወደ ማይክሮፎኑ ቀረቡ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው ጊዜ አጭር ነው፤ መብራት ይቆጥረዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አሉ እትዬ ሙሉዬ። አብዱ ተረጎመ። «ደህና ናችሁ ወይ? ልጆቻችሁስ እንዴት ናቸው? አንቺ ልጄ፣ ያመመሽ ትመስያለሽ፤ ተሻለሽ? ሥራው እንዴት ይዟችኋል? ይህን ሁሉ ሰው ማስተዳደር ቀላል አይደለም፤ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው?» አብዱ ሁሉንም በታማኝነት ተረጎመ። ቢጫው በራ። «እኔ እንግዲህ ሙሉዬ እባላለሁ፤ እናንተን ማስቸገር ሳልፈልግ...» ቀዩ በራ።

«ጊዜዎ አልቋል፤ እናመሰግናለን» አሉ ሰብሳቢዋ።

«እትዬ፣ አበቃ ነው የሚሉት» አለ አብዱ።

«ምኑ? ገና መቼ ጀመርኩና!»

አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። እትዬ ሙሉዬ የሰው ፈገግታ አክብረው ፈገግ አሉና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዘርዓብሩክ ከባለሙያዎች ረድፍ ላይ ሆኖ አያቸው። ሲቀመጡ ወደ እሱ አልተመለከቱም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ወለሉን ነበር የሚያዩት። ጠጠሯ በጫማው ውስጥ ነበረች።

«ከባለሙያው እንስማ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ማጣሪያው ቢዘገይ ይቻላል?»

ዳይሬክተሩ ዘና ብለው ወንበራቸውን ተደገፉ። የዘርዓብሩክን አነጋገር ያውቁታል፤ መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ቀጥሎ ያለሰልሳል፣ በመጨረሻ እንደ ፈቃዳችሁ ይላል።

«አይቻልም» አለ ዘርዓብሩክ።

ሁሉም የቀረውን ጠበቁ። እሱም ቀጠለ፤ ድምፁ ግን የሚያውቁት አልነበረም፤ ቀዝቃዛና የተስተካከለ ነበር። የአዳራሹን የመጀመሪያ ንድፍ ማን እንዳዘዘው፣ ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ፣ ሦስተኛው በየትኛው ግድግዳ ምክንያት እንደተሠራ፣ አንድም ቅጽል ሳይጨምር፣ በቅደም ተከተል አቀረበ። ማስረዳት ሙያው ነበር፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ግን ለሲሚንቶ ብቻ ነበር የተጠቀመበት። «ስብርባሪው ያስተረፈው ማጣሪያውን ያሠራል፤ አዳራሹን ግን አያሠራም። ሁለቱን አብሮ የሚችል በጀት የለም። ከሁለቱ አንዱ ቢቀር ማን እንደሚጎዳ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የሚጎዳው ሰው አሁን ፊታችሁ ቆሞ ነበር። ስለ ልጆቻችሁ ጤና ሲጠይቅ ጊዜው አለቀበት።»

ስለ ጤናዋ የተጠየቀችው የምክር ቤት አባል ብዕሯን አስቀመጠች። ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጇን ያነሣችው እሷ ነበረች። ማጣሪያው እንዲሠራ ተወሰነ፤ አዳራሹ በቆርቆሮ ዳስና በሁለት አግዳሚ ተተካ፤ ስም የሚቀረጽበት ግድግዳም አብሮት ቀረ፤ ቆርቆሮ ስም አይዝምና።

በኮሪደሩ ዳይሬክተሩ ደረሱበት፤ ከቁጣቸው ይልቅ ግራ መጋባታቸው ይበልጥ ነበር።

«እንዲህ የምታስብ ከሆነ ቀደም ብለህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

«መቼ?»

«አዳራሹ በጣም ያምራል ባልኩዎት ጊዜ።»

ክምሩ መብሰል ከጀመረ፣ መደቡም አየሩን መቀበል ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት የዘርዓብሩክ ስልክ ጮኸ። እትዬ ሙሉዬ ነበሩ፤ ድምፃቸው የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነበር።

«ዘርዓ፣ ሥራው ቆመ እንዴ?»

«ኧረ አልቆመም፣ እትዬ። በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሠራው። እዚሁ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።»

«አትዋሸኝ። ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ነኝ፤ ነፋሱም ወደ እኔ ነው፤ ምንም የለም። ከበሶብላዬ በቀር የሚሸተኝ የለም። ዳይሬክተሩ አባሮህ፣ ቦታውንም ዘግቶት እንደሆነ ግልጹን ንገረኝ፤ ላንተ የሚሆን ሽሮ አላጣም።»

«አልተባረርኩም፣ እትዬ። ሽታው መደቡ ላይ ተኝቷል።»

በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ሲያልፍ ይሰማ ነበር፤ አግዳሚዋም ሲጢጥ ስትል።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መከፋት ብለው፣ «ለሰው ሁሉ ሊሸተኝ ነው ብዬ ካወራሁ በኋላ አዋርደኸኛል። ነገ መጥተህ ለጎረቤቶቼ አስረዳልኝ። በአጭሩ ግን!»